የጉጉት ትፋት ምስክርነት

ጉጉት ድምፅዋ የክፉ ነገር ምልክት ነው እየተባለ በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ ስትፈራ የኖረች ወፍ ናት። የተፈጥሮን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን እንደ ታማኝ ምስክር ይቈጥሯታል፤ ምስክርነቷም የሚገኘው ከጩኸቷ ሳይሆን ከምትተፋው ነገር ነው።

በአሮጌ ጐተራ የምታድረው ጉጉት ያደነችውን አይጥ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ትውጠዋለች። ሥጋው በሆዷ ሲፈጭ አጥንቱና ጠጕሩ ስለማይፈጭ፥ ተጠቅልሎ በአፏ ይወጣል። በአንዱ ትፋት ውስጥ የብዙ እንስሳት የራስ ቅልና መንጋጋ ይገኛል፤ ጥርሱም በማጉያ መነጽር ሲታይ የእንስሳው ዓይነት ይታወቃል።

ይህ ዘዴ ይልቁንም የሚጠቅመው እምብዛም የማይታዩትን ትናንሽ እንስሳት ለማወቅ ነው። ከእነርሱ አንዷ አይጥ የምትመስለው፥ አፈ ሹል ሆና ነፍሳትን የምትበላው፥ በእንግሊዝኛ ሽሩ የምትባለው ናት። ሽሩ ለጥቂት ሰዓት ሳትበላ ከቈየች ስለምትሞት፥ በወጥመድ ይዞ መመርመር ለሕይወቷ ያሰጋል። ሊቃውንቱም ጥቂቶች ስለ ሆኑ በየጐተራው ሊደርሱ አይችሉም፤ ሕዝቡ ግን በየስፍራው አለ። ስለዚህ የብሪታንያ የአጥቢ እንስሳት ማኅበር ፈቃደኞች ትፋቱን እየሰበሰቡ እንዲረዱት ጠይቋል።

የትፋት ምርመራ ጥቅም በአየርላንድ ደሴት በግልጥ ታይቷል። በዚያ አገር ትታወቅ የነበረችው ሽሩ አንዲት ዓይነት ብቻ ስትሆን፥ እርስዋም የጥርሷ ጫፍ ቀይ የሆነ፥ ክብደቷ ከጥቂት ግራም የማያልፍ ድንክዬ ናት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓመት ግን በቲፐረሪና በሊምሪክ አውራጃዎች ከተሰበሰበው ትፋት ውስጥ ጥርሱ ፈጽሞ ነጭ የሆነ የሌላ ሽሩ አጥንት ተገኘ። በ2008 ዓመት እንስሳዎቹ በሕይወት ተይዘው ነገሩ ተረጋገጠ። ከዚያም በኋላ በተደረገው ምርመራ፥ መጤው በሰፈረበት ስፍራ ድንክዬዋ እየጠፋች መሄዷ ታወቀ። ለጉጉት መልካም ምግብ የሆነው መጤ ለአገሬው እንስሳ ጥፋት ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ትፋቱ የወደቀበት ስፍራና የተነሣበት ቀን ካልተጻፈ፥ አጥንቱ የማን እንደ ሆነ እንጂ እንስሳው የትና መቼ እንደ ኖረ ሊመሰክር አይችልም። ደግሞም ጉጉት የምትይዘው በምታድንበት መስክ የሚገኘውን ስለ ሆነ፥ የአንድ እንስሳ አጥንት በትፋቷ መታጣት ብቻውን እንስሳው ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። ጉጉቲቱንም በጎጆዋ ሳለች ማወክ አይገባም፤ በብሪታንያ በ1981 ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ይከለክላል።

አንድ እንስሳ ከአገሩ ሲጠፋ አስቀድሞ የሚያስታውቅ ድምፅ የለውም። በጐተራ ወለል ላይ የወደቀውን ትፋት አንሥቶ ቀኑንና ስፍራውን የሚጽፍ ሰው ግን፥ መጥፋቱ ሳይፈጸም እንዲታወቅ ይረዳል።