አንድ መንገድ፣ ሁለት ስም

አትላንታ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ በሞርላንድ አቬኑ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ ፖንስ ደ ሊዮንን እንደተሻገረ ሳይታጠፍ የመንገዱ ሰሌዳ ይቀየርበታል። አስፋልቱ ያው ነው፤ ስሙ ግን ብራየርክሊፍ ሆኗል። ከተማዋን የሚያውቁ ምክንያቱን ከዘር መድልዎ ዘመን ያመጡታል፤ በሰሜን በኩል የሰፈሩ ነጮች ከደቡቦቹ ጥቁሮች ጋር በአንድ መንገድ ስም መጠራት አልፈለጉም ይላሉ። በተቃራኒው ደግሞ «ፒችትሪ» የሚባሉ መንገዶች ብዙ ናቸው።

ድረ ገጽም ላይ ስምና ቦታ እንዲሁ ለየቅል ናቸው።

አንድ ሰው በስልኩ ሊንክ ሲነካ ጥያቄው ሰርቨር ወደሚባለው ኮምፒውተር ይደርሳል። ሰርቨሩ አድራሻውን የሚያነበው በእዝባር እየከፈለ ነው፤ «ወ/ሮ» ስንል የምንጠቀምባት ያችው ምልክት ናት። «/ዜና/ስፖርት/» ከሆነ ከዋናው ፎልደር ተነስቶ «ዜና»ን፣ ከውስጡ ደግሞ «ስፖርት»ን ይከፍታል። ይህ ግን የግድ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አፓቼ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም «አሊያስ» የሚል ትእዛዝ አለው። «/ፎቶ/» ተብሎ ሲጠየቅ ሌላ ዲስክ ላይ ወዳለ ፎልደር እንዲሄድ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፤ አንባቢው ልዩነቱን አያይም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ የቤተ ክርስቲያንም የምግብ ቤትም ድረ ገጽ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል፤ ሰርቨሩ የተጠራውን ስም አይቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ፎልደር ይከፍታል።

ስምን ከቦታ ጋር የሚያያይዝ እንዲህ ያለ ካርታ እንደሚያስፈልግ የአትላንታው የዜና ጣቢያ የሲኤንኤን ታሪክ ያሳያል። ጣቢያው ድረ ገጹን የከፈተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1995 ነው። በዓመቱ፣ ጁላይ 27 ቀን 1996፣ ኦሊምፒክ በሚካሄድበት ሰሞን በሴንቴኒያል ፓርክ ቦምብ ፈነዳ። የዚያን ዘመን የዜና አድራሻ «/ዩኤስ/9607/27/» ብሎ ይጀምር ነበር፤ ዘርፉ፣ ዓመትና ወሩ፣ ቀኑ። ኋላ ላይ አመዳደቡ ተገልብጦ ዓመቱ በሙሉ ከፊት መጣ፦ ለምሳሌ «/2001/ዩኤስ/09/11/»። ፎልደሩ ቢደራጅም ቢፈርስም፣ መጽሐፍ ውስጥ የታተመ የድሮ አድራሻ ራሱን አያርምም። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1998 አድራሻ እንዳይለወጥ አጥብቆ የጻፈው ለዚህ ነው። መለወጡ ግድ ከሆነ ሰርቨሩ 301 የሚል መልስ ይሰጣል፤ «ለዘለቄታው ወደዚህ ተዛውሯል» ማለት ነው፣ አዲሱንም አድራሻ አብሮ ይልካል። ያ ካልተጻፈ አንባቢውን የሚጠብቀው 404 ነው፤ «የለም» ማለት ነው።

ለአማርኛ ችግሩ ይበረታል። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ «አትላንታ» የምትለው ባለ አምስት ፊደል ቃል 45። በመልእክት ሲላክ ማንም አያነበውም፣ መሃሉ ላይ ከተቆረጠም አይከፈትም። እዚህ ላይ አጭር አድራሻ ከረጅሙ ጋር የሚያገናኝ አንድ መስመር ብዙ ያድናል።

ውጭ አገር ያለ ማኅበረሰብ የዕድሩን ማስታወቂያ፣ የሰርጉን ፎቶ፣ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በድረ ገጹ ላይ ያኖራል። ድረ ገጹ ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ፋይሉ አይደለም፤ ወደ ፋይሉ የሚያደርሰው መስመር ነው። ተረካቢው የድሮ አድራሻዎችን መጀመሪያ ቢመዘግብና ከአዲሶቹ ጋር ቢያያይዛቸው፣ አዲስ አበባ ያለች እናት ከዓመታት በፊት የተላከላትን ሊንክ ስትነካ ፎቶው ይከፈትላታል።