የአፍሪካ ሐይቆችን ሲክሊድ ዓሦች በመስታወት ገንዳ ለማርባት ከዓሣው በፊት ውኃው መዘጋጀት ይኖርበታል

በምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች የሚኖሩትና ሲክሊድ በመባል የሚታወቁት ዓሦች በቀለማቸው ውበትና በልዩ ባሕርያቸው በመላው ዓለም በመስታወት ገንዳ፣ ማለትም በአኳሪየም፣ ከሚረቡት ዓሦች መካከል ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ በርካታ ጀማሪዎች ገንዳውን በሞሉ ማግሥት ዓሦቹን ስለሚያስገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ይዳርጓቸዋል።

የሲክሊድ ቤተሰብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች የሚሰገረው፣ ቆሮሶ በመባል የሚታወቀው ቲላፒያ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ለመስታወት ገንዳ በብዛት የሚመረጡት ግን የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቆች ዝርያዎች ናቸው። በማላዊ ሐይቅ ብቻ ከ800 በላይ የሲክሊድ ዝርያዎች እንደሚኖሩ የሚገመት ሲሆን፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዚሁ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻዎች ለሚኖሩትና ምቡና ለሚባሉት ዓሦች ቢያንስ 200 ሊትር የሚይዝና 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገንዳ ይመከራል። ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመሩበት ማስቀመጫው ጠንካራና ደልዳላ መሆን ይገባዋል። ዓሦቹ አሸዋ የመቆፈር ልማድ ስላላቸው ድንጋዮቹ አስቀድመው በገንዳው ወለል ላይ መደላደል፣ አሸዋውም ከዚያ በኋላ መጨመር አለበት። አለበለዚያ ድንጋዩ ተንዶ ዓሦቹን ሊገድል ወይም መስታወቱን ሊሰብር ይችላል።

የማላዊ ሐይቅ ውኃ አልካላይን በመሆኑ የገንዳው ውኃ የፒኤች መጠን ከ7.7 እስከ 8.6፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ይመረጣል። የውኃው አልካላይንነት አነስተኛ ከሆነ የኖራ ድንጋይ መጨመር ይረዳል። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃም ዓሣው ከመግባቱ በፊት ክሎሪኑ ሊወገድለት ይገባል።

ለዓሦቹ ሞት ዋነኛው ምክንያት ከኩሳቸውና ከተራረፈ ምግብ የሚመነጨው አሞኒያ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ይወስዳል። የፒኤች መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የአሞኒያ መርዛማነት ስለሚጨምር፣ ለሲክሊድ በተዘጋጀ ውኃ ውስጥ መቸኮል የሚያስከትለው ጉዳት የከፋ ነው። በዚህም ምክንያት ማጣሪያው እየሠራ፣ ዓሣ ሳይገባ ጥቂት የዓሣ ምግብ በገንዳው ውስጥ እየጨመሩ መጠበቅና በመመርመሪያ መሣሪያ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መድረሳቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ምቡናዎች ክልላቸውን በኃይል የሚያስከብሩ በመሆናቸው ለአንድ ወንድ ሦስትና ከዚያ በላይ ሴቶችን ማድረግ፣ መደበቂያ ዋሻዎችንም ማብዛት ጥቃቱን ይቀንሳል። በተፈጥሯቸው በአብዛኛው ከድንጋይ ላይ አልጌ የሚመገቡ ስለሆኑ ምግባቸው በዕፅዋት ላይ የተመሠረተና መጠነኛ ሊሆን ይገባል። ከውኃው ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን በየሳምንቱ መለወጥም የተከማቸውን ናይትሬት ለመቀነስ ያስችላል።

በሌላ በኩል በገንዳ የረቡ ዓሦችን ወደ ወንዝም ሆነ ሐይቅ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች ዓሣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁ ሲክሊድ ዝርያዎች እንዲጠፉ ወይም እንዲመናመኑ ምክንያት ከሆኑት መካከል ዋነኛው ነው። ባዕድ ዝርያ አንዴ ሐይቅ ውስጥ ከተስፋፋ መልሶ ማውጣት እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ ዓሣ ለማርባት የሚነሳ ሁሉ ኃላፊነቱ ከገንዳው መስታወት ባሻገር እንደሚዘልቅ ሊገነዘብ ይገባል።