ከኤአይ ጀርባ ያለው ሙያ፦ ከዳታ ሌብሊንግ ጋር ትውውቅ

ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ከተማ መንገድ ፎቶ ተከፍቷል። የቆሙ መኪኖች አሉ፤ መንገድ የሚያቋርጡ እናትና ልጅ አሉ፤ ግማሽ አካሉ በዛፍ የተጋረደ ብስክሌተኛም ይታያል። ሠራተኛዋ ማውሱን ይዛ የእያንዳንዱን ዳር ዳር ነጥብ በነጥብ እየተከተለች ትከብበዋለች። ከብባ ስትጨርስ ከዝርዝሩ ውስጥ «መኪና»፣ «እግረኛ»፣ «ብስክሌት» ከሚሉት ስሞች አንዱን መርጣ ትሰጠዋለች። ብስክሌተኛው ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች። የሚታየውን ግማሽ ብቻ ልክበብ ወይስ ከዛፉ ጀርባ ያለውንም ልገምት? መልሱ መመሪያው ላይ ስላለ ከፍታ ታያለች። ልጁ በእጁ የያዘው ኳስ ከልጁ ጋር ይቆጠር እንደሆነም ታጣራለች። ጨርሳ ስትልክ ሌላ ፎቶ ይመጣላታል።

ይህ ሥራ ዳታ ሌብሊንግ ይባላል፤ ዳታ አኖቴሽን የሚሉትም አሉ። ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ሰውን ከምሰሶ ለይቶ ፍሬን የሚይዘው፣ ስልካችን ፊታችንን የሚያውቀው፣ ቻትጂፒቲ የተጠየቀውን በቅጡ የሚመልሰው እንዲህ ያለ ሥራ አስቀድሞ ስለተሠራ ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሥራ ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው ማን ከሥራው ይፈናቀላል የሚለው ስጋት ነው። ስጋቱ እውነት አለው። ሆኖም ቴክኖሎጂው ራሱ የወለደው ይህ ሙያ በምን ዋጋና በምን ውል እንደሚሠራ ሳይታይ የሚደረግ ክርክር ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደፊት ሥራ ምን ሊመስል እንደሚችል ከትንቢት ይልቅ ዛሬ በተግባር የሚታየው እዚህ ነውና።

የሙያውን ክብደት ዓለም ያየው በምስል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፌይ-ፌይ ሊ የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ኢሜጅኔት የተሰኘ ግዙፍ የፎቶ ክምችት ከባልደረቦቻቸው ጋር አደራጁ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የተሻለ ቀመር ሲፈልጉ እርሳቸው ግን ማሽኑ የጎደለው ምሳሌ ነው ባይ ነበሩ። ከ14 ሚሊዮን በላይ ፎቶዎች ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ያለው ውሻ ይሁን ቀበሮ፣ ጀበና ይሁን ማሰሮ የሚያረጋግጥ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ያንን ያደረጉት አማዞን በ2005 በከፈተው ሜካኒካል ቱርክ በተባለ የኢንተርኔት የሥራ ገበያ በኩል የተገኙ፣ ከ160 በላይ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ 50 ሺሕ ገደማ ሰዎች ናቸው። በ2012 ሦስት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት አሌክስኔት የተባለ ሞዴል በዚሁ ክምችት ላይ ሠልጥኖ የምስል መለየት ውድድር ሲያሸንፍ የስህተት መጠኑ 15.3 በመቶ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው 26.2 በመቶ ተሳስቷል። ያን ያህል ልዩነት ከታየ በኋላ ገንዘቡም ተመራማሪውም ወደዚህ መንገድ ጎረፈ። የሦስቱ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ስም በታሪክ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ፎቶ እያዩ በሳንቲም የተከፈሉት ግን በጥቅሉ «ሠራተኞች» ተብለው አልፈዋል።

በቋንቋ ሞዴሎች ዘመን ሥራው መልኩን ቀየረ። ከኢንተርኔት የተሰበሰበ ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ያደገ ሞዴል ዐረፍተ ነገር መቀጠል ይችላል፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ግን መመለሱን ትቶ ሌላ ጥያቄ ሊደረድር ይችላል። ስለዚህ ኦፕንኤአይ ቻትጂፒቲን በኅዳር 2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከመክፈቱ በፊት በሠራው ሞዴል ላይ 40 ያህል ኮንትራት ሠራተኞች ቀጥሮ ነበር። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ራሳቸው ጥሩ መልስ እየጻፉ አሳዩት። ቀጥሎ ሞዴሉ ለአንድ ጥያቄ የሰጣቸውን በርካታ መልሶች እያነበቡ ከምርጡ እስከ መናኛው በደረጃ አስቀመጡ። ከእነርሱ ምርጫ ሌላ ሞዴል ተማረ፤ እርሱ ደግሞ ለዋናው ውጤት እየሰጠ አሠለጠነው። ዛሬ ማሽኑ ትሑትና አስረጂ ሆኖ ሲያናግረን የምንሰማው፣ አንድ ሰው አንድ ቀን «ይህኛው ይሻላል» ብሎ የወሰነውን ውሳኔ ቅጂ ነው።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የተሠራው ሥራ ደግሞ ከዚህም ይከብድ ነበር። ማሽኑ ጸያፍ ነገር እንዳይናገር ጸያፉ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። ያንን የሚያሳውቀው ደግሞ ቁጭ ብሎ አንብቦ ስም የሚሰጠው ሰው ነው። ታይም መጽሔት በጥር 2023 እንዳወጣው ለኦፕንኤአይ ይህን የሠሩት የሳማ ኩባንያ የኬንያ ሠራተኞች ስለ ሕፃናት መደፈር፣ ስለ ግድያና ስለ ማሰቃየት የሚተርኩ ጽሑፎችን እያነበቡ ይለዩ ነበር። እጃቸው የሚገባው በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ሲሆን፣ በኩባንያዎቹ መካከል የነበረው ውል ግን በሰዓት 12.50 ዶላር ነበር። ሳማ የምክር አገልግሎት አቅርቤ ነበር ብሏል፤ ሥራውንም ውሉ ከሚያበቃበት ጊዜ ቀደም ብሎ አቋርጧል። እኔን የሚከነክነኝ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። ቢሮ፣ ኮምፒውተር፣ ግብርና አስተዳደር ወጪ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው ግን አንብቦ የለየው ሰው ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። በዚያው በናይሮቢ፣ የሌብሊንግ ቅርብ ዘመድ በሆነው የይዘት ማጣራት ሥራ፣ ፌስቡክ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጻፈውን እያዩ የሚያጣሩት ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣቶች ነበሩ። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት የአገራቸውን ሬሳ በሥራ ሰዓት ለማየት የተገደዱ ናቸው። ግንቦት 1 ቀን 2023 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ ከ150 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ናይሮቢ ተሰብስበው ማኅበር ለመመሥረት ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት 184 የይዘት አጣሪዎች የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታንና የሥራ ተቋራጮቹን ከሰሱ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት አይመለከተኝም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመስከረም 2024 ክሱ እዚያው ሊታይ ይችላል ብሎ ወሰነ። ለሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ሥራህን የሚቀበልህ ኩባንያ ባሕር ማዶ ስለሆነ ብቻ ከሕግ አያመልጥም ማለት ነውና።

አማርኛን በተመለከተ ደስ የሚለኝ ሌላ ጥረት አለ። ሰዎች በያኔው ትዊተር የሚጽፉት ድጋፍ ነው ወይስ ተቃውሞ የሚለውን ኮምፒውተር እንዲለይ የፈለጉ ተመራማሪዎች፣ ያሉት የሥራ ገበያዎች አማርኛን የማያስተናግዱ ሆኑባቸው። ስለዚህ በቴሌግራም ቦት ሠሩ። ተሳታፊው ስልኩ ላይ አንድ ትዊት ይደርሰዋል፤ አንብቦ ስሜቱን ይመርጣል፤ ለድካሙም የሞባይል ካርድ ይሞላለታል። በ2020 ያሳተሙት ውጤት 9,400 ያህል ትዊቶችን የያዘ ነው፤ እያንዳንዱን ሦስት ሰዎች አይተውታል። ሦስት የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሁለቱ ባይስማሙ ሦስተኛው ያመዝናል።

ያስቸገራቸው ዋናው ነገር ምን ሆነ? ሽሙጥና ዘይቤ። አንድ ሰው «ጎበዞች ናችሁ፤ ዘንድሮም መንገዱን ሳትጨርሱ ክረምቱ ደረሰ» ብሎ ቢጽፍ ቃላቱን ብቻ የሚያየው ማሽን ምስጋና ያደርገዋል። እኛ ግን ገና «ዘንድሮም» የምትለው ላይ ስንደርስ ይገባናል። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ያለውን ምሬት አውቆ «አሉታዊ» የምትለዋን የሚጫን ሰው ሙያ የለውም ሊባል አይችልም። ሰፈሩን፣ የሰሞኑን ወሬና የተናጋሪውን ቃና አዋህዶ የሚፈርድ ሰው ነው። በሦስቱ ፈራጆች መካከል አለመግባባት ሲፈጠርም ሁልጊዜ አንዱ ሰንፏል ማለት አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ሁለት ነገር ተናግሮ ሊሆን ይችላል።

ገበያው አሁን ወደ ሁለት እየተከፈለ ነው። ቀላሉን ሥራ ማሽኑ ራሱ እየወሰደው ነው። በ2023 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን በመለየት ቻትጂፒቲ ከሜካኒካል ቱርክ ሠራተኞች በልጦ፣ ዋጋውም እጅግ ረክሶ አገኙት። ያስተማረው ሰው ካስተማረው ጋር ተወዳድሮ ተሸነፈ ማለት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ እየተወደደ ይሄዳል፤ የሐኪም፣ የሕግ ባለሙያና የፕሮግራመር ፍርድ በሰዓት ደኅና ዋጋ ያወጣል። ሜታ በሰኔ 2025 በዚህ ዘርፍ ስሙ ከገነነው ስኬል ኤአይ ግማሹን ለጥቂት የሚጎድል ድርሻ የገዛው በ14 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። የስኬል ኤአይ የሥራ መድረክ የሆነው ሪሞታስክስ ግን በመጋቢት 2024 ለኬንያ ሠራተኞቹ በኢሜይል አሳውቆ በሩን ዘግቶባቸዋል። ቅጥር ስላልነበረ ስንብትም አልነበረም።

አማርኛ በዚህ ክፍፍል ውስጥ የያዘው ቦታ ለየት ያለ ነው። ለእንግሊዝኛ ማሽኑ ሰውን መተካት የጀመረው የተትረፈረፈ ጽሑፍ ስላለው ነው። የእኛ ገና ስላልሞላ የተናጋሪው ፍርድ ለብዙ ጊዜ ተፈላጊ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚቀርብላቸው የአዲስ አበባም ሆነ የውጭ አገር ልጆቻችን ዋጋቸውን አውቀው ቢነጋገሩ መልካም ነው። ክፍያው በቁጥር ከሆነ መመሪያ ለማንበብ የሚጠፋው ሰዓት ታስቦ ይሁን፤ የተሠራው ውድቅ ቢደረግ ምክንያቱን የሚናገርና አቤቱታ የሚሰማ ይኑር፤ ከባድ ይዘት የሚታይ ከሆነ ከመፈረም በፊት በግልጽ ይነገር። ስምም ይጠየቅ። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ አማርኛን ጨምሮ ለ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን ለይቶ በ2021 ጥናቱን ሲያሳትም፣ ሌብል ያደረጉት ተናጋሪዎች ከደራሲዎቹ ተርታ ስማቸው ሰፍሯል።