ጭስን መተው በቡና አገር

ለዓመታት ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ ሰው ሲጋራውን ትቶ «ቬፕ» ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቢሸጋገር ይጠቀማል ወይስ ከአንዱ ጉዳት ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሕክምና ሊቃውንትን ያከራከረ ሲሆን፣ ከውጭ አገር በሚመለሱ ዘመዶችና በእጅ ስልክ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ከተሞችም መግባቱ አልቀረም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በካፋ ዞን ርእሰ ከተማ በቦንጋ ለሚኖር አጫሽ ግን ጉዳዩ ለለንደኑ አጫሽ ከሚቀርብበት መልክ በሁለት ነገር ይለያል፤ አንደኛው መሣሪያው በአገሪቱ ሕግ ለገበያ እንዳይቀርብ የተከለከለ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ አጫሹ የሚኖረው የአረቢካ ቡና መገኛ በሆነ፣ ቡና በቀን ደጋግሞ በሚጠጣበት አገር መሆኑ ነው።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ኒኮቲንንና ጭስን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ኒኮቲን በትንባሆ ቅጠል ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ከጭሱ ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ደርሶ የመርካት ስሜት የሚፈጥርና ሱስ የሚያስይዝ ንጥረ ነገር ነው። የልብን ምት ያፋጥናል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ለፅንስና በማደግ ላይ ላለ የወጣት አንጎልም ጎጂ ነው። ይሁን እንጂ የአጫሾችን ሳንባ ለካንሰር የሚዳርገው፣ የደም ሥራቸውን የሚያጠበውና ትንፋሻቸውን የሚያሳጥረው በዋናነት እርሱ ሳይሆን ቅጠሉ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ነው። በዚህ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች የሚገኙ ሲሆን፣ 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ታውቋል። ከእነዚህም መካከል ባይቆጠርም እጅግ አደገኛ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ፣ በአጫሹ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ልብን ያደክማል።

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የተነሣበት ሐሳብ እሳቱን አስወግዶ ኒኮቲኑን ማቆየት ነው። ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው መሣሪያ ለዛሬዎቹ መነሻ የሆነ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ አሠራርም በባትሪ የሚግል ጥምዝ ሽቦ ከፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ከግሊሰሪን፣ ከኒኮቲንና ከማጣፈጫ የተቀመመ ፈሳሽን አሙቆ ወደ እንፋሎት መሰል ብናኝ በመለወጥ ላይ የተመሠረተ ነው። የሚነድ ቅጠል ስለሌለ የሲጋራው ታር፣ ማለትም ሳንባን የሚያጠቁረው ዝፍት፣ አይኖርም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም እጅግ ይቀንሳል። በእንግሊዝ በ886 አጫሾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከባለሙያ ምክር ጋር የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው መካከል 18 በመቶ የሚሆኑት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ ማጨስ አቁመው ሲገኙ፣ ከዚሁ ምክር ጋር እንደ ማስቲካና የቆዳ ልጥፍ ያሉ የኒኮቲን ምትኮች ከተሰጣቸው ግን ያቆሙት 9.9 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት በመሣሪያው ሲጋራን ካቆሙት 80 በመቶው ዓመቱ ሲያልቅ መሣሪያውን መጠቀም አለመተዋቸውም ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ጭሱን የተዉት ሰዎች ኒኮቲኑን አልተዉም ማለት ነው። መሣሪያው ገና አዲስ በመሆኑ የሠላሳና የአርባ ዓመት ውጤቱ በማንም ላይ አልታየም። ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተነሣው የሳንባ ጉዳት አስተምሯል፤ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 68 ሰዎች የሞቱበት ይህ ጉዳት በአብዛኛው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ቅባት ከተጨመረበት፣ ከካናቢስ ከተዘጋጀ ፈሳሽ ጋር የተያያዘ ነበር።

ሽግግሩ ጥቅም ሊሰጥ የሚችለው ሲጋራ ሙሉ በሙሉ ሲቀር ብቻ መሆኑ ለኢትዮጵያዊ አጫሽ ልዩ ትርጉም አለው። ብዙ ሰው ሲጋራን በፓኮ ሳይሆን በፍሬ እየገዛ፣ ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ማታ አንድ ሲያጨስ የራሱን ልማድ እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና ግን በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው በቀን ሃያ የሚያጨሰው ሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት ግማሽ ያህሉን እንደሚሸከም አመልክቷል። ቀን ቬፕ እየሳበ ማታ በጫቱ ላይ ሁለት ፍሬ የሚያጨስ ሰው እንግዲህ ልቡን አላሳረፈም።

የሕጉ አቋም ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. ካጸደቀች በኋላ የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል፤ ትንባሆ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥና በዝግ የሕዝብ መገልገያዎች ውስጥ እንዳይጨስም ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ አዋቂዎች ዘጠና አምስቱ ትንባሆ በማይቀምሱበት አገር፣ በፍራፍሬ ጣዕም የተቀመመ የኒኮቲን መሣሪያ በየሱቁ ቢደረደር ከጥቂቶቹ አጫሾች ይልቅ ወደ ብዙዎቹ የማያጨሱ ወጣቶች የሚደርስ በመሆኑ ክልከላው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ክልከላ ዕዳ አለበት፤ ለአጫሹ አንዱን መውጫ የዘጋ መንግሥት የተሻለውን መውጫ በአቅራቢያው ሊከፍትለት ይገባል። ሲጋራው ራሱ በሕጋዊ መንገድ እየተሸጠ፣ ማቆሚያው መድኃኒት ግን ፍለጋ የሚጠይቅ ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል።

በገጠር የሚታወቀውን ጋያንም በዚሁ ማንሳት ያስፈልጋል። ጋያ ጭሱ በውኃ ውስጥ አልፎ የሚሳብበት ባህላዊ የትንባሆ ማጨሻ ሲሆን፣ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም። ስለዚህ ከሲጋራ ወደ ጋያ መዞር ሽግግር ሊባል አይችልም።

የተሻለው መውጫ ምን እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ዘርዝሮታል፤ የባለሙያ ምክር ከኒኮቲን ምትክ ወይም ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን ከሚባሉት መድኃኒቶች ከአንዱ ጋር ሲጣመር የማቆም ዕድል ይጨምራል። የኒኮቲን ምትክ ማለት ከጭሱ የተለየ፣ መጠኑ የታወቀ ኒኮቲን በቆዳ ልጥፍ ወይም በማስቲካ መልክ ወስዶ የሱሱን ጥሪ እያበረዱ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ስለማይፈቀድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለበትም። መድኃኒቶቹ በየትንንሹ ከተማ ፋርማሲ ሁሉ ይገኛሉ ተብሎ ስለማይታሰብ፣ የሚያቆምበትን ቀን የቆረጠ ሰው አስቀድሞ ሆስፒታሉን ወይም ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ይኖርበታል። ጫት የሚቅም ከሆነም የምርቃናው ሰዓት ሲጋራን አጥብቆ የሚጠራ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱን አንድ ላይ መተው ከግማሽ መንገድ መመለስን ይከላከላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቡና ነገር ነው። የሲጋራ ጭስ በጉበት ውስጥ ካፌይንን፣ ማለትም የቡናን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ሥራ ያፋጥናል። ኢንዛይም በሰውነት ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህን የሚያፋጥኑት ኒኮቲኑ ሳይሆን ከመቃጠል የሚወጡ ኬሚካሎች ናቸው። ስለዚህ አጫሽ ሰው ካፌይንን ቶሎ ከሰውነቱ ያስወጣል፤ ሲጋራውን ባቆመ በአንድ ሳምንት ገደማ ግን ጉበቱ ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ስለሚመለስ፣ እንደ ልማዱ የሚጠጣው ያው ቡና በደሙ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ካፌይን ሊያከማች ይችላል። ወደ ቬፕ የሚዞር ሰውም ጭሱን ስለሚተው ከዚህ አያመልጥም። ያን ጊዜ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መቁነጥነጥ ከሲጋራ ማቆም ምልክቶች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰውየው «ሲጋራ መተው አልተስማማኝም» ብሎ ወደ ፍሬው ይመለሳል፤ ያስጨነቀው ግን ቡናው ሊሆን ይችላል። በዚሁ ኢንዛይም የሚፈርሱ እንደ ክሎዛፒን፣ ኦላንዛፒንና ቲዮፊሊን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ደግሞ ማጨስ ከማቆሙ በፊት መጠኑ እንዲስተካከል ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ቡና አቁም የሚል ምክር በካፋ ቦታ የለውም፤ ለቡና ተብሎ ጎረቤት በሚጠራበት ቤት ስኒ መግፋት ሰውን መግፋት ነውና። የሚያስፈልገው መጠኑን በግማሽ ማሳነስ ብቻ ሲሆን፣ ይህም አቦሉን በግማሽ ስኒ ተቀብሎ፣ ቶናውን ትቶ፣ ቀጭን በሆነው በረካ ከወዳጆች ጋር አብሮ በመቆየት ሊፈጸም ይችላል። የኒኮቲን ማስቲካ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቡና የአፍን አሲድነት ጨምሮ ኒኮቲኑ በጉንጭ በኩል እንዳይሰርግ ስለሚያግድ፣ ስኒውን ካስቀመጠ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ማስቲካውን ወደ አፉ ቢያስገባ ይሻለዋል።