ለአሥር ደቂቃ ዝም ያለው ልጅ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ጠዋት ነው። ጀበናው ወርዷል። እናት አቦሉን ቀድተው ለልጃቸው ሲያቀርቡለት እጁን አንሥቶ «ቆይ» የሚል ምልክት ያሳያቸዋል። «ምነው፣ አኮረፍክ እንዴ?» አላኮረፈም። ምላሱ ሥር ለሄሮይንና መሰል ኦፒዮይዶች ሱስ የሚታዘዘው፣ ሰቦክሶን የሚባለው ስስ ፊልም አለ፤ እስኪሟሟ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። እስከዚያ አይወራም፣ አይበላም፣ አይጠጣም።

ለምን አይውጠውም? የተዋጠ መድኃኒት ከአንጀት ተነሥቶ መላ ሰውነትን ከማዳረሱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። በሰቦክሶን ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ቡፕረኖርፊን ደግሞ አብዛኛው እዚያው ተሰባብሮ ይቀራል። ከምላስ ሥር ግን ደም ሥሮቹ ቅርብ ስለሆኑ በቀጥታ ይገባል። ችኩል ሰው ዋጥ ያደርገውና «አልሠራልኝም» ይላል።

አሁን ወደ አንጎል እንግባና ድግስ ቤት ነው እንበል። ሄሮይንም ሆነ ፌንታኒል፣ ጥርስ ሲነቀል የሚታዘዘው ፐርኮሴትም ጭምር፣ የሚቀመጡት አንድ ዓይነት ወንበር ላይ ነው። እነሱ ሲቀመጡ ቤቱ ይናወጣል፤ ሕመም ይጠፋል፣ ደስታ ይመጣል፣ ሲበዛም መተንፈስ ይረሳል። ቡፕረኖርፊን እንደ ሽማግሌ እንግዳ ነው። ወንበሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል፣ ጭፈራው ግን ልከኛ ነው። ሐራራው ይበርዳል፤ ሌላው ሊቀመጥ ቢመጣ ቦታ አያገኝም። መጠኑ ቢጨመርም ትንፋሽን የመጫን ኃይሉ ከአንድ ደረጃ በኋላ እምብዛም አይጨምርም። መጠጥ ወይም እንደ ዛናክስና ቫሊየም ያለ ማረጋጊያ መድኃኒት ሲደባለቅበት ግን ይህ መከላከያ ይፈርሳል፤ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሞተው በእንዲህ ያለው ድብልቅ ነው።

የሽማግሌው ኃይለኝነት በመጀመሪያው ቀን ጣጣ አለው። ወንበሮቹ ገና በሄሮይን እንደተያዙ ቢገባ ተቀማጩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጎትቶ ያስነሣል። ሐራራ ቀስ ብሎ መምጣቱ ይቀርና እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። ስለዚህ ሐኪሙ ማዛጋቱ፣ የአፍንጫው ፈሳሽ፣ የቆዳው ፀጉር መቆም በራሱ እስኪጀምር ጠብቅ ይላል። ለሄሮይን ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ለሜታዶን ከዚያ የበለጠ ነው። ፌንታኒል አዘውትሮ ሲወሰድ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች ሰዓቱን መገመት አስቸጋሪ ነው። ይህን ከሐኪም ጋር እንጂ ከጓደኛ ጋር አይቆጥሩትም።

በመድኃኒቱ ውስጥ ኦፒዮይዶችን ከወንበራቸው የሚያስነሣው ናሎክሶንም አለ፤ 8 ሚሊግራም ቡፕረኖርፊን ካለ ናሎክሶኑ 2 ሚሊግራም ነው። በምላስ ሥር እምብዛም አይሠራም። አሟምቶ በመርፌ ልውሰደው ለሚል ሰው የተቀመጠ ዘበኛ ነው።

«ሱስን በሱስ ለወጠ» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ አልቀበለውም። ሰውነት መድኃኒቱን ለምዷል፣ ድንገት ቢቋረጥ ያማል፤ ይህ እውነት ነው። ሱስ የምንለው ግን ሥራን፣ ልጅን፣ እንቅልፍን የሚያስጥለውን ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ከቡናው በኋላ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዘመድ ጉትጎታ «ይበቃኛል» ብሎ ያቆመ ሰው አደጋው ከሐራራው በኋላ ይመጣል። ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቋቋም ስለረሳ፣ አንድ ቀን ወደ ሄሮይኑ ቢመለስ ያ መጠን ሊገድለው ይችላል። መቀነስ ካስፈለገ በሐኪም፣ በወራት፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጠበል የሚጠመቁ መድኃኒቱን ማቆም የለባቸውም፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ሲያከራክር በ2007 እ.ኤ.አ. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ጾም ካለም የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል።

ሌላው ክፉ ልማዳችን «ለእኔ ያሻለኝ ነው፣ ሞክሪው» ማለት ነው። ወገቧን ላመማት አክስት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ኦፒዮይድ ለማያውቅ ሰውነት ከባድ ነው። ለሕፃን ደግሞ አንዷ ፊልም ለሞት ልትበቃ ትችላለች። ስለዚህ ቦታው የሚቆለፍ ሣጥን እንጂ ቦርሳ ወይም ኮመዲኖ አይደለም። ልጅ ከነካው «ደህና ይመስላል» ሳይባል 911 ይደወላል። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰውም ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት መሆኑን አውቆ፣ ከመነሣቱ በፊት ሕጉን ይጠይቅ፣ ማዘዣውን ይያዝ፣ ለስንት ቀን እንደሚበቃው ይቁጠር።

አሜሪካ ውስጥ እስከ 2022 መጨረሻ ሐኪሞች ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ቀርቷል፤ የዘወትር ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው፣ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ ክሊኒክ ሁሉ ነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን እንዲህ ላለ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ የለበትም። ናርካን የሚባለው የአፍንጫ ናሎክሶንም ከ2023 ወዲህ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ እናትየው የት እንደተቀመጠ ማወቅ አለባቸው፣ ምክንያቱም ከመጠን በላይ ወስዶ የወደቀ ሰው ራሱ በራሱ ላይ ሊጠቀምበት አይችልም።

ፊልሙ ሟሟ። ልጁ ውሃ ተጎንጭቶ ተጉመጥምጦ ዋጠው። ይህንን ያደረገው ለጥርሱ ብሎ ነው፤ በ2022 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መድኃኒቱ ጥርስን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለመቦረሽ ገና አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ቡናው ግን ያን ያህል አይጠበቅም።

«አቦሉማ ቀዘቀዘ» አሉ እናት። «በል ስኒህን አምጣ፣ ቶናውን ልቅዳልህ።»