የመራጮች ድምፅ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ሲፈልስ፦ ሂሳቡ ምን ይነግረናል?

የምርጫ ውጤት በተገለጸ ማግስት «ሕዝቡ ከዚህኛው ፓርቲ ወደዚያኛው ዞረ» የሚል አባባል በየጋዜጣው ይነበባል፤ በየሬዲዮውም ይደመጣል። ለመሆኑ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ከሆነ፣ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ በምን ይታወቃል? በዚህ ጽሑፍ የጥያቄውን ሂሳባዊ ገጽታ እንመለከታለን።

ስዊንግ ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው የምርጫ ተመራማሪ ዴቪድ በትለር (እ.ኤ.አ. 1924–2022) በሰፊው ያስተዋወቀው መለኪያ «ስዊንግ» ይባላል። አንዱ ፓርቲ ያጣው የድምፅ ድርሻና ሌላው ያገኘው ጭማሪ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ወግ አጥባቂው ፓርቲ 43.6 በመቶ፣ ሌበር ፓርቲ ደግሞ 32.1 በመቶ ድምፅ አግኝተው ነበር። በ2024 የመጀመሪያው ወደ 23.7 ሲያሽቆለቁል ሁለተኛው 33.7 ደረሰ። ስለዚህ 19.9 እና 1.6 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ስዊንጉ 10.75 ይሆናል።

ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው «ከመቶ መራጮች 11 ያህሉ ወደ ሌበር ተሻገሩ» ሊል ይችላል። ነገር ግን የሌበር ድርሻ በጠቅላላው የጨመረው 1.6 ብቻ ነው። በዚያው ምርጫ ሪፎርም ዩኬ 14.3 በመቶ ድምፅ ወስዷል፤ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ዜጎችም ከቤታቸው ቀርተዋል። ለሁለት ፓርቲዎች የተቀመረ መለኪያ ሦስተኛ ተፎካካሪ ሲገባና ድምፅ የማይሰጡ ሲበዙ ያሳስታል።

የተሰወረው ፍልሰት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሁለት ምርጫዎች ድምፅ የሰጡት እነዚያው 1000 ሰዎች ናቸው እንበል። በመጀመሪያው «ሀ» 400፣ «ለ» 600 ድምፅ አገኙ። በሁለተኛው «ሀ» 700፣ «ለ» 300 አገኙ። ከ«ለ» ወደ «ሀ» ስንት ሰው ተሻገረ? ቢያንስ 300 መሆን አለበት። ሆኖም 600ዎቹ የ«ለ» ደጋፊዎች በሙሉ ተሻግረው፣ ከ«ሀ» ደግሞ 300 በተቃራኒው ቢሄዱ ድምሩ ያው ነው። ስለዚህ ድምሩ የሚነግረን መልሱ በ300 እና በ600 መካከል መሆኑን ብቻ ነው።

ከድምር ወደ ግለሰብ

አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት ከዚህ የባሰ ወጥመድ አሳይቷል። በ1930 በተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ፣ የውጭ ተወላጆች በበዙባቸው ግዛቶች የመሃይማን ድርሻ ዝቅተኛ ነበር፤ የዝምድናው መለኪያ -0.526 ነው። በግለሰብ ደረጃ ሲሰላ ግን ወደ 0.118 ተገለበጠ። ምክንያቱም ስደተኞቹ ይሰፍሩ የነበረው የነባሩ ነዋሪ ትምህርት ከፍ ባለባቸው ግዛቶች ነበር። እንግዲህ አንድ ፓርቲ በአንድ ወረዳ ስለተሸነፈ ብቻ «የከዱት የዚህ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው» ብሎ መፍረድ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። እንዲህ ያለው ድምዳሜ ንጹሐንን ለጥላቻ ያጋልጣል።

መፍትሔውስ?

አስተማማኙ ዘዴ ያንኑ ሰው በሁለቱም ምርጫዎች ወቅት መጠየቅ ነው። ቆይቶ መጠየቅ አያዋጣም፤ ብዙዎች ያለፈ ምርጫቸውን ይረሳሉ፣ አንዳንዶችም አሸናፊውን እንደመረጡ አድርገው ያስታውሳሉ። መልሶቹ በሠንጠረዥ ሲሰፍሩ በረድፉ የቀድሞው፣ በዓምዱ የአሁኑ ምርጫ ይነበባል። ድምፅ ያልሰጡትም የራሳቸው ረድፍና ዓምድ ያስፈልጋቸዋል።

የምርጫ ውጤት ስናነብ እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎችን እናስቀድም፦ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ድምር ነው ወይስ ስለ ሰዎች? ከቤታቸው የቀሩትስ ተቆጥረዋል?