ጣና ከመውረዳችሁ በፊት፣ ከተመለሳችሁም በኋላ

ዛሬ ስለ ጣና ደሴቶች ጉዞ እናወራለን። አዎ፣ የጤና ገጽ ላይ ስለ ሽርሽር! ምክንያቱን ስታነቡት ትረዱኛላችሁ።

ደብረ ታቦር ስሠራ አንድ የ24 ዓመት ወጣት በእህቱ ተደግፎ መጣ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ትውከት። ከጀመረው አምስተኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ "ታይፎይድ ነው" ብሎት መርፌ ሲወጋ ሰንብቷል። እኔም እንደ ልማዴ "ወባ አገር ሄደህ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። "ኧረ የለም ዶክተር" አለኝ። ዓይኑ ቢጫ መሆኑን ሳይ ጥያቄዬን ቀየርኩ፦ "በዚህ ወር ከከተማ ወጥተህ ነበር?" እህቱ ቀድማ መለሰች፦ "ከጓደኞቹ ጋር ጣና ሄዶ ነበር፤ ሁለት ሌሊት አድሮ ነው የመጣው።"

ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ተገኘበት። አርቴሱኔት በደም ሥር ተሰጥቶት ዳነ። ሌላ ሁለት ቀን ቢቆይ ግን ይህን ታሪክ በሌላ መልክ ነበር የምነግራችሁ።

ልጁ አልዋሸኝም። ለእኛ ለደጋ ሰዎች "ወባ አገር" ማለት መተማ ነው፣ ቋራ ነው፣ ሁመራ ነው፤ ሰሊጥ አጨዳ የሚኬድበት በረሃ። ጣና ደግሞ ገዳም ነው፣ ሽርሽር ነው፣ ፎቶ ነው። ጥፋቱ የጥያቄዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ የምጠይቀው "የት ሄደህ ነበር?" ብዬ ነው።

እስቲ ከፍታውን እንየው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ በአለም በር አድርጋችሁ ወረታ ስትደርሱ፣ ሞቋችሁ ጃኬታችሁን ስታወልቁ፣ ወባ ያለበት ቦታ ገብታችኋል ማለት ነው። ከወረታ በሐሙሲት በኩል እስከ ባሕር ዳር ያለውም እንደዚያው ነው። ፎገራ ላይ ያደገ ሰው ምልክቱን ስለሚያውቀው ቶሎ ይመረመራል። የደጋ ሰው ግን "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" እያለ ፌጦና ዝንጅብል ሲጠጣ ቀናት ያልፋሉ።

የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ጠዋት ሄዶ ቀን የሚመለስ ሰው ስጋቱ አነስተኛ ነው። ባሕር ዳር፣ ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት የምታድሩ ከሆነ ግን አጎበር የግድ ነው። ማደሪያችሁ ከሌለው ይዛችሁ ሂዱ፤ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትም ተቀቡ። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ በዚህ ወቅት እዚያ ማደሩን ብታስተላልፉት እመርጣለሁ፤ ወባ እናትንም ጽንስንም ይጎዳል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ "እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ይዞኝ ያውቃል፣ ለምጄዋለሁ" ሲል አትስሙት። ያ አቅም በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ከመነሳቱ በፊት ሐኪም አማክሮ የመከላከያ ክኒን ይጀምር።

አሁን ዋናው ነገር። ወባ በተነከሳችሁ ማግስት አይታይም። ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ፋልሲፓረም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ወር ባለው ውስጥ ነው የሚጀምረው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ሲመጣ ሽርሽሩ ተረስቷል፣ ፎቶውም ስልካችሁ ውስጥ ወደ ታች ወርዷል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት፦ "ጣና አድሬ መጥቻለሁ፣ ይህን ያህል ቀን ሆነኝ፣ የወባ ምርመራ ይሠራልኝ።" ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል።

ምርመራው ነፃ ሆኖ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ በግራ ጎን በኩል ሆዳችሁ ካበጠ ደግሞ ካላዛርንም አስቡ። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ሲነሳ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር የመሰለው። ለጎብኚ ብዙም የሚያሰጋ በሽታ አይደለም፤ የሠፈራችን ታሪክ ስለሆነ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈለግኩም።

ወደ ውሃው እንግባ። ወይም አንግባ ልበል፣ ምክንያቱም ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚራባው ዳርቻ ላይ፣ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከዚያ ወጥቶ በዓይን የማይታየው እጭ ቆዳችሁን በስቶ ይገባል። መቁሰል አያስፈልግም፣ መዋጥም አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። የሚገርመኝ ሰዎች መሀል ሐይቅ ላይ ፈርተው ጀልባው ማረፊያ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ሲንቦጫረቁ ነው። አደገኛው ዳርቻው ነው! ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ እህቶቻችን ዳር ላይ ይጠብቃሉ። ስትጠብቁ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አታድርጉ እባካችሁ።

ገብታችሁ ከሆነ ወዲያው በፎጣ አጥብቃችሁ ተደራረቁ፤ ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ ዋስትና አይሆንም። በዚያው ቀን ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል። ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽፍታ፣ የሆድ ቁርጠት ሊመጣ ይችላል፤ ምንም ምልክት የማያሳይም ብዙ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው፦ በተመለሱ በሳምንቱ የሰገራ ምርመራ ያደርጋሉ፣ "ነፃ ነህ" ይባላሉ፣ ይረሱታል። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ጊዜ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንተልም ያላደገውን ትል በደንብ አይገድልም። ስለዚህ ምርመራውን ውሃው ከነካችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ አሠሩት።

የሐይቁን ውሃ አለመጠጣት ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

የመጨረሻው ጀልባ ነው። "ጣና ጥልቅ አይደለም" ይባላል። እውነት ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግን ለመስጠም ሁለት ሜትር ይበቃል፣ እኛ የደጋ ልጆች ደግሞ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይበረታ ተመለሱ። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው ከሌለ፣ ለሕፃኑም በልኩ ከሌለ፣ ጀልባው ላይ አትውጡ። መቀመጫ አድርጋችሁት ሳይሆን ለብሳችሁት፣ ማሰሪያው ታስሮ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ "ሙቀት ነው" ብዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሄጃለሁ፤ ሞኝነት ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ "ጠጋ አድርገን" አትበሉ።

ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ዋና ሳትችሉ ዘላችሁ አትግቡ። ገመድ፣ እንጨት፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ወርውሩለት። ሲወጣ በእግሩ አትዝቀዝቁት፣ ውሃው እንዲወጣ ብላችሁም ሆዱን አትጫኑት፤ ትውከት ወደ ሳንባው ይገባል። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ እፍ በሉበት። ካልነቃ ደረቱ መሀል ላይ 30 ጊዜ በፍጥነትና በኃይል ተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ እፍ በሉ፣ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ነቅቶ "ደህና ነኝ" ቢልም ካሳለ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታይ፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊከፋ ይችላል።